በቀይ ፕላስተር የመጣችው ካሜራ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥገና ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያረጀው ባለቤቱ፣ ሰው ሁሉ «ጭምቱ» እያለ የሚጠራው ወጣት ጠጋኝ፣ እና ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ሹፌር። ሰማዩ ሊዘንብ አስቦ ሐሳቡን የለወጠ ይመስል ጠቁሮ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። በቀን መብራት አብርተው ነበር የሚሠሩት፤ እሱም ደከም ፈካ እያለ ዓይን ያታክታል።

ሹፌሩ አንዲት ትንሽ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ግን ቶሎ አላነሣም።

«ከፎቶ ቤት ናት» አለ።

«የጌትየው ልጅስ?» አለ ባለቤቱ። «ዕቃ የምታመጣው እሷ አይደለችም? አመማት እንዴ?»

«ደኅና ናት።» ሹፌሩ በመስኮቱ ወደ ማዶ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ ወደ ጭምቱ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደንብ እያት ብላሃለች» አለው።

«እሺ» አለ ጭምቱ።

«በደንብ ነው ያለችው። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሹፌሩ የሚጨምረው ነገር ያለ ይመስል ከንፈሩን አላቀቀ። በዚያው ቅጽበት የፎቶ ቤቱ በር ተከፈተና ጌትየው ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። ሹፌሩ የጀመረውን ቃል ዋጥ አድርጎ ውልቅ ብሎ ወጣ።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» አለ ባለቤቱ። «ፖሊስ የሚከተለው ነው የሚመስለው።»

የጭምቱ ዓይን ካሜራዋ ወገብ ላይ ነበር፤ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎባታል።

የሁለቱ ቤቶች ደንብ ይህ ነው፤ ከፎቶ ቤት የሚመጣ ዕቃ ነጭ ፕላስተር ካለበት ይጠገናል፤ ቀይ ካለበት ሞቷልና ተፈትቶ መለዋወጫው ይወሰዳል፣ ቀሪው ይጣላል። ደንቡን ያወጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ደንቡ ላይ ሌላ ደንብ የደረቡት ግን ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ያንን ሽማግሌዎቹ አያውቁትም።

የፎቶ ቤቱ ጌታ ልጅ ባለ ነጭ ፕላስተር ካሜራ ባመጣች ቁጥር የባትሪ ቤቷ ውስጥ ባትሪ አይኖርም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው የሚኖረው። ጭምቱም ልትወስዳት ስትመጣ ካሜራዋን ጠግኖ ሲመልስላት በዚያው ቦታ የራሱን ወረቀት ያኖራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ፊት ለፊት ሲሆን ሦስት ቃል መቀጠል የሚያቅተው ልጅ በወረቀት ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ይሞላል። እሷ ደግሞ በወረቀት ላይ አጭር ናት፤ ጠረጴዛው አጠገብ ስትቆም ግን በዓይኗ ብዙ ትናገራለች። ባለ ቀይ ፕላስተር ካሜራ ውስጥ አንድም ቀን ደብዳቤ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቀዩን ባለቤቱም ይፈታዋልና። «ቀይዋን ስታይ አትድከም፣ ባዶ ናት» ብላ የጻፈችለት ራሷ ናት።

ስለዚህ ጭምቱ ቀዩን ሲያይ ልቡ ወረደ። ዘጠኝ ቀን ነጭ ካሜራ አልመጣም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎቿ አንድ ሰው እየደጋገመ ይነሣ ነበር፤ አባቷ የሚያመሰግኑት፣ አክስቷ ባለችበት ከተማ የሚኖር፣ ካሜራ በመርከብ የሚያስጭን አስመጪ። «አባዬ ስሙን ሲጠራ ፊቴን ያያል» ብላ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ ዝም።

ከዚያ ግን የካሜራዋን ዓይነት ልብ ብሎ አየና ሌላውን ሁሉ ረሳ። ሁለት ወር ሙሉ ሲፈልጋት የኖረች ካሜራ ናት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ፎቶ ማሳመር ነበር። አንድ ቀን፣ «እኛ ቤት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሰው እንኳ ሲገባ አትንቀሳቀስ ነው የሚባለው» ብላ ጻፈችለት። በተበላሸ የፎቶ ወረቀት ቢራቢሮ ቆረጠች፤ ብርሃን ሲያርፍባት ክንፏን በቀስታ የምትከፍት። ክንፏን የሚያዝዘውን ሰርኪት ከመጽሐፍ እያየች ራሷ ሠራችና በካሜራ ቦርሳ ውስጥ ደብቃ ላከችለት። የጎደለው ሞተሩ ብቻ ነበር። ተራ ሞተር መብራት ሲያገኝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ስቴፐር የሚሉት ነው፤ ሲታዘዝ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቀጥ የሚል፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ የማይነቃነቅ። ያውም ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ። ያውም ሁለት። ያውም እኩል፤ እርምጃቸው ከተለያየ አንዱ ክንፍ ሲከፈት ሌላው ይቀራል።

ጭምቱ ያላየበት የለም። የፕሪንተር ስቴፐር ፈታ፤ ቡጢ ያክላል። የሲዲ ማጫወቻ ፈታ፤ አውራ ጣት ያክላል። መለዋወጫ ሻጮቹ ሣቁበት። አንዱማ፣ «የምትፈልገው ሞተር ነው ወይስ ክኒን?» አለው። ባለቤቱም፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ብትፈልግ እኮ እስካሁን ሦስት አግኝተህ ነበር» እያለ ያሾፍበታል። በኋላ ከአንዲት ሙት ካሜራ ሌንስ ውስጥ አንዷን አገኘ፤ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ የምትገፋው ናት። ጓደኛዋን ግን ያለዚያ ዓይነት ካሜራ ከየት ያምጣ?

አሁን ከፊቱ ተቀምጣለች።

«እሷ ናት የላከችልኝ» አለ በልቡ። «በደንብ እያት ማለቷ ሞተሯን ነው።»

ትንሿን ካቻቢቴ አነሣ። ስድስት ብሎኖች ፈታ፣ ፊቷን ገለጠ፣ ሌንሱን ከነቤቱ አወጣ። በአጉሊ መነፅር እያየ ሞተሯን በወረንጦ መዘዛት። አራት ሽቦ፣ እያንዳንዱ ከፀጉር የቀጠነ። በዘንጓ ጫፍ የቀለም ነጥብ አደረገና ባትሪውን በሽቦዎቹ ላይ በተራ እየነካካ ቆጠረ። ጭክ። ጭክ። ጭክ። በሃያኛው ነጥቧ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የፊተኛዋም ሃያ ነበረች።

የካሜራዋን ቀሪ አካል ከነፕላስተሯ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ጆንያ ጣላት። የባትሪ ቤቷን አልከፈተውም። ጆንያው ውስጥ ኳ አለችና ዝም አለች። ጭምቱ ሁለቱን ሞተሮች መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ለብቻው ፈገግ አለ፤ እንዲያ ደስ ያለው ጊዜ ትዝ አይለውም።

*

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰውዬ መጣና ጆንያውን ተሸክሞ መኪናው ላይ ወረወረው። ጭምቱ ራሱ ነው ያቀበለው። በጆንያው ውስጥ፣ በብረት ክምር መካከል፣ ይህን የሚል ወረቀት አብሮ ሄደ፦

«ነጭ ፕላስተሩን አባዬ ቆልፎበታል። ከእንግዲህ ወደ እናንተ የሚጠገን ዕቃ አይሄድም ብሏል፤ በቀዩ የላክሁልህ ለዚህ ነው። ስላንተ ነገርኩት። ሁሉንም። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹ዓርብ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤት እጠብቀዋለሁ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቁም፤ እሰማዋለሁ። ካልመጣ ቅዳሜ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ አስመጪውንም ታገቢያለሽ› አለኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁት። የሰጠሁት አንተን ስለማውቅህ ነው። እንደምትፈራ አውቃለሁ። ፈርተህ ና። መናገር ካቃተህ ዝም ብለህ ቁም፤ ሌላውን እኔ እናገራለሁ። ብቻ ና።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጭምቱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛው ላይ ተጎንብሶ የመጀመሪያዋን ሞተር ከክንፉ ጋር ያያይዝ ነበር። ማዶ የፎቶ ቤቱ በር ያለወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደንበኛ ግን አልገባም።

«ልጄ» አለ ባለቤቱ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ዕቃ በሹፌር መጥቶ አያውቅም። አልከነከነህም?»

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

«አንተን ነው ወይስ ራስህን ነው የምታጽናናው?» አለና የተናገረው ለራሱም ግራ ገብቶት ሣቀ። «ብቻ እኔ የሆነ ነገር ይሸተኛል። የሚቃጠል ሽቦ ሲሸት ይሰማኛል፤ ከየት እንደሆነ ግን አላውቀውም።»

«ጋሼ፣ እጄን እያንቀጠቀጡብኝ ነው።»

«እኔ አልነካሁህ!»

«ሲያወሩ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።»

ባለቤቱ ሻዩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ሁለተኛዋ ሞተር አልገባ ብላ ታገለችው። አሥር ሰዓት ሆነ፤ አንዷ ሽቦ ተበጠሰችበትና ከፀጉር የቀጠነውን ከፀጉር የቀጠነው ላይ እየበየደ ትንፋሹን ያዘ። ያ የጠቆረ ሰማይ አሁንም አልዘነበም። አንድ ሁለቴ አንገቱ ላይ የሰው ዓይን ያረፈ መስሎት ቅዝቃዜ ተሰማው፤ በእጁ አሸት አድርጎ ተወው። ቀና ቢል ኖሮ ማዶ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ዳር፣ ማን እንደቆመ ያይ ነበር። ቀና አላለም። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ክንፎች ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ተከፈቱ። የፎቶ ቤቱ በር የተዘጋውም ያን ጊዜ ነው፤ ጭምቱ ድምፁን ሰማ፣ ደስታው መሀል ስለነበረ ግን ጆሮ አልሰጠውም።

ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብሎ ቢራቢሮዋን ሲያይ የሚቀልደው ጠፋው። «እንግዲህ ውሰድላት» አለ። «በራስህ እግር፣ በፊት ለፊቱ በር። ወንድ ልጅ እኮ ነህ።»

ያን ቀን ጭምቱ እስኪተኛ ድረስ ልቡ አላረፈችም። ደስታ ነው ብሎ አሰበ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቢራቢሮዋን በካርቶን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሻግሮት አያውቅም። ፎቶ ቤቱ በር ላይ መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ሻንጣ እየጫነ ነው። ጭምቱን ሲያይ የያዘውን ሻንጣ መሬት አስቀመጠና ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ።

«ሰላም አደርክ?» አለው ጭምቱ።

«ምነው ትናንት...» አለ ሹፌሩ፤ አልጨረሰውም።

ጭምቱ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ገባ። ውስጡ ግማሹ መብራት ጠፍቷል። ጌትየው ከግድግዳ ፎቶ እያወረዱ ነበር፤ ዞሩ፣ አዩት፣ አልተገረሙም።

«ግባ፣ ግባ። ጭምቱ የሚሉህ አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ተቀመጥ።» ያሳዩት ደንበኛ ፎቶ የሚነሣበትን በርጩማ ነው፤ ከኋላው ግራጫ መጋረጃ አለ። ተቀመጠ። ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክዳኑን ከፈተ፤ ሊያሳያቸው ነበር። ጌትየው ግን ወደ ካሜራቸው ሄደው ትልልቆቹን መብራቶች አንድ በአንድ አበሩ። ብርሃኑ ዓይኑን ሞላው፤ ሰውዬው ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኑበት።

«ቀና በል። አገጭህን ትንሽ ዝቅ... እንዲህ። ሰውን በደንብ የማየው በዚህ ስለሆነ ነው፤ አትቀየመኝ። ትናንት የት ዋልክ?»

«ሥራ ላይ ጌታዬ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«እስከ አሥራ ሁለት» አሉ ጥላው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «እዚሁ ማዶ። የቤቴን በር ቁልጭ አድርጎ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ። እኔ ትናንት ክራባቴን አሰርኩ። ሥራ ዘጋሁ። ሻይ አፈላሁ፣ በእጄ። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልኩ። አሥራ አንድ ሲሆን ልጁ ዓይነ አፋር ነው ብላኛለች፣ አንድ ሰዓት ልጨምርለት አልኩ። ጨመርኩልህ።»

«እኔ... ጌታዬ፣ ምኑን...»

«አትነቃነቅ።»

ካሜራው ቀጭ አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተከተለው። ጭክ። ጭክ። ጭክ። ሁለቱም ወደ ጭምቱ ጉልበት አዩ። የመብራቱ ብርሃን ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ነበርና ቢራቢሮዋ፣ ማንም ሳያዛት፣ ክንፎቿን እርምጃ በእርምጃ ትከፍት ነበር። እኩል፣ በቀስታ። ጌትየው ከካሜራቸው ጀርባ ወጥተው ጎንበስ አሉና አዩዋት። ለአፍታ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ልጃቸው ናት። የመንገድ ካፖርት ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አሁን መጣህ?» አለች።

ጭምቱ ተነሣ። ይህን ድምፅ ከእሷ ሰምቶት አያውቅም። «አገኘኋት» አለ። «ሁለተኛዋን። ሃያ፣ ልክ እንደ...»

«ትናንት ነው የምልህ!»

«ትናንት ምን ነበር?»

«ደብዳቤዬን አላነበብክም?»

«የቱን?»

«ሐሙስ የላክሁትን! በካሜራዋ! በደንብ እያት ብሎ አልነገረህም?»

«ቀይ ነበረች» አለ ጭምቱ። «አንቺ... ቀይዋ ባዶ ናት ብለሽኝ ነበር። ሞተሯን ነው ያልሽኝ የመሰለኝ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሣቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከጣቶቿ መሀል አመለጠ።

«ደብዳቤው የት አለ?» አሉ አባቷ።

«ብረት ገዢው... ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ደኅና ተረት ነው። ለልጅ ማስተኛ የሚሆን ተረት።»

«አባዬ፣ ይሄ ሰው መዋሸት አይችልም። ቢችልማ ይሄኔ አንተን አሳምኖህ ነበር።»

«ጌታዬ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። ሹፌሩ ነው። «ተረት አይደለም። ሐሙስ በግልጽ ልነግረው ይገባኝ ነበር። እርስዎ ደረጃው ላይ ብቅ ሲሉ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ጌትየው ሹፌሩን አዩት፣ ጭምቱን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድንገት ያረጁ መሰሉ።

«ልጄ፣ ቃሉን የሰጠሽው ለእኔ ነው» አሉ። «የሰጠሽኝን ልመልስልሽ እችላለሁ። ደብዳቤው አልደረሰውም፤ ይሁን። ግን አንድ ነገር ጠይቂው። ደርሶህ ቢሆን ትመጣ ነበር ወይ በይው። አዎ ካለሽ ሻንጣሽ ወደ ላይ ይመለሳል። አፌን ሞልቼ ነው የምነግርሽ።»

ልጅቷ ፊቷ በራ። ወደ ጭምቱ ቀረበች፤ መብራቱ ለሁለቱም እስኪደርስ ድረስ ቀረበች። ሁለት ዓመት ጠረጴዛ መሀላቸው ነበር። አሁን ምንም አልነበረም።

«ስማኝ» አለችው። «ብታነበው ኖሮ ትመጣ ነበር?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት። ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል፣ ሕፃን የሚናገረው ቃል። ከንፈሯ ራሱ ቃሉን እያቀበለው ነበር።

ጭምቱ ግን ዓርብን በዓይነ ኅሊናው አየው። ወረቀቱን ሲያነብ ራሱን አየ። እጁን ሲታጠብ፣ ሸሚዝ ሲቀይር፣ መንገዱን ሲሻገር አየ። የተከፈተውን በር አየ፤ ከበሩ ወዲያ ክራባት ያሰረ ሰው ተቀምጧል። እዚያ ላይ ሥዕሉ ቆመ። ወደ ውስጥ የሚገባውን እግር ሊያየው ቢታገል አልታይ አለው። ደጋግሞ ሞከረ። ያው በሩ ላይ ቆሞ፣ ዞሮ፣ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነበር የሚያየው። ለዚህች ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ የውሸት ቃል ጽፎላት አያውቅም።

«አላውቅም» አለ።

ሹፌሩ በሩ ላይ ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ።

«ምን አልክ?» አለች። ሰምታዋለች።

«እፈራ ነበር። በሩ ድረስ የምመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ... አላውቅም። ልዋሽሽ አልችልም።» ከዚያ፣ በሕይወቱ ሙሉ ከተናገረው ሁሉ የረዘመውን ነገር ተናገረ። «ዛሬ ግን መጥቻለሁ። ማንም ሳይጠራኝ ነው የመጣሁት። እየፈራሁ ነው፤ ያው ይታይሻል። ጌታዬ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ትናንት ልለው የማልችለውን ዛሬ ብዬዋለሁ።»

ጌትየው ከወንበራቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ኖሬአለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አዎ ቢልሽ ኖሮ ውሸቱን አውቅበት ነበር፤ አውቄም እቀበለው ነበር፣ ቃሌ ነውና። ይሄ ልጅ እውነቱን ነገረሽ። ሻንጣሽን ላስመልስልሽ ልጄ?»

ጭምቱ ጆሮውን ማመን አቃተው። ወደ እሷ ዞረ። በፊቷ ላይ በርቶ የነበረው ነገር ግን የለም።

«አይመለስ» አለች።

«ልጄ...»

«አባዬ፣ ላንተ እውነቱ በቃህ። እኔን አልበቃኝም።» ወደ ጭምቱ ስትዞር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራው። «ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ ላይ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ አየሁህ። አንገትህን፣ ጀርባህን። አሁን ይነሣል አልኩ። ፈርቶ ነው፣ አሁን ይነሣል። አንዴ እንኳ ቀና አላልክም። ዛሬ ደብዳቤው አልደረሰውም ሲባል ከሞት የተነሣሁ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ደርሶህም ቢሆን እዚያው መስኮት ላይ ነበርኩ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ መቆም አልችልም።»

«መጥቻለሁ እኮ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«መጥተሃል» አለች። «ሞተሩን ስላገኘህ መጣህ። እኔን ልትጠይቅ አልነበረም።»

ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን ራሱን ሲጠይቅ መልሱ ቶሎ አልመጣለትም። እሷም ያንን አየች። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ መዳፏ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበር አነሣች።

«ፈርተህ ና ብዬህ ነበር» አለች። «ያቺን መስመርም አላነበብካትም።»

ጌትየው ከወንበራቸው አልተነሡም። በግራጫው መጋረጃ ፊት ለፊት ሁለት ወንዶች ቀሩ፤ አንዱ ያሸነፈ፣ አንዱ የተሸነፈ፣ የቱ የትኛው እንደሆነ ግን ከፊታቸው አይለይም ነበር።

መኪናው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ። በሚቀጥለው ወር ልጅቷ እንደ ቃሏ አስመጪውን አገባች።